የአንጀት ባክቴሪያና ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ የሚነሣው የለጋሽ ሕዋስ ጥቃት፦ ከጅማ የሕክምና አውድ አንጻር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ከሌላ ሰው በተገኘ ስቴም ሴል የሚከናወን ንቅለ ተከላ የደም ካንሰርንና ሌሎች የመቅኔ በሽታዎችን ሊፈውስ የሚችል ሕክምና ነው። ይሁንና የለጋሹ የመከላከያ ሕዋሳት የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁ ለሞት ሊያበቃ የሚችል በሽታ ይከተላል። በቅርብ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች የዚህ ጥቃት ክብደት ከአንጀት ባክቴሪያዎች ስብጥር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ጽሑፍ የጥናቶቹን ዋና ዋና ግኝቶች ያብራራል፤ ከዚያም ከግኝቶቹ የመነጩት ሦስት ምክሮች፣ ማለትም የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ምርጫ፣ የላክቶስ ቅነሳና የዓይነ ምድር ንቅለ ተከላ፣ እንዳሉ ተወስደው በጅማና በአካባቢዋ ሥራ ላይ ሊውሉ የማይችሉበትን ምክንያት ይመረምራል። ለንቅለ ተከላ የሚደረግ ዝግጅት የታካሚዎችንና የለጋሾችን አንጀት ከማጥናት መጀመር እንዳለበትም ያመለክታል።

መግቢያ

በሰው ላይ የተደረጉት የመጀመሪያዎቹ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሙከራዎች በአሜሪካዊው ሐኪም በኤድዋርድ ዶናል ቶማስ መሪነት የተካሄዱ ሲሆን፣ ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ታትሟል። ቶማስ ለሥራው እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማትን ከጆሴፍ መሪ ጋር ተጋርቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ፣ ከታካሚው ከራሱ በተወሰደ ሕዋስ የተከናወኑትን ጨምሮ፣ በዓለም ዙሪያ የተካሄዱት የስቴም ሴል ንቅለ ተከላዎች ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደርሷል።

ለኢትዮጵያዊ ታካሚ ግን ይህ ሕክምና በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር መጓዝን የሚጠይቅ ሆኖ ቆይቷል። ጣጣውም በንቅለ ተከላው ዕለት አያበቃም። የለጋሽ ሕዋስ ጥቃት ከሳምንታት ብቻ ሳይሆን ከወራትም በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ ክትትሉ አገር ቤት ይቀጥላል። ከጅማ ከተማ ከመንደራ ቆጪ ቀበሌ፣ ወይም ቡና አምራች ከሆኑት ከአጋሮና ከሊሙ አካባቢዎች የሄደ ታካሚ ሕክምናውን ጨርሶ ቢመለስና ከወራት በኋላ ተቅማጥ ቢይዘው፣ መጀመሪያ የሚያየው ሐኪም ከሁለት ግምቶች መካከል መለየት ይጠበቅበታል። ተቅማጡ በጀርም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የለጋሹ ሕዋሳት አንጀቱን ማጥቃት መጀመራቸውንም ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው ግምት ብቻ ታስቦ የሚታዘዝ መድኃኒት ሁለተኛውን ችግር ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ የአንጀት ባክቴሪያ ጉዳይ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ብቻ ሳይሆን የተመላሽ ታካሚዎች ሐኪሞችም ጉዳይ ነው።

የለጋሽ ሕዋስ ጥቃት ምንነት

በእንግሊዝኛ ስሙ «ግራፍት ቨርሰስ ሆስት ዲዚዝ» የሚባለው በሽታ በዚህ ጽሑፍ «የለጋሽ ሕዋስ ጥቃት» ተብሏል። በኩላሊት ንቅለ ተከላ ላይ የሚፈራው የተቀባዩ ሰውነት የመጣለትን አካል እንዳይገፋ ነው። በስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚተከለው ራሱ የመከላከያ ሥርዓቱ በመሆኑ፣ እንግዳው ባለቤቱን ያጠቃል።

ጥቃቱ የሚነሣበት ሂደት በሦስት ደረጃዎች ይገለጻል። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ታካሚው ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ጠንካራ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር የካንሰር ሕዋሳትን ሲያጠፋ የአንጀትን የውስጥ ሽፋንም ይጎዳል። በዚህ ጊዜ የባክቴሪያ ፍርስራሾች በተጎዳው ግድግዳ በኩል ወደ ሰውነት ዘልቀው ይገባሉ። በሁለተኛው ደረጃ እነዚህ ፍርስራሾች የመከላከያ ሕዋሳትን በመቀስቀስ የብግነት መልእክተኛ ኬሚካሎችን ያስመነጫሉ፤ በዚህ የተነቃቁት የለጋሹ ቲ ሕዋሳትም በፍጥነት ይራባሉ። በሦስተኛው ደረጃ ቲ ሕዋሳቱ ቆዳን፣ ጉበትንና አንጀትን ያጠቃሉ። ከሦስቱ ለሕይወት እጅግ አስጊ የሆነው የአንጀቱ ጥቃት ነው። አንጀት በተጎዳ ቁጥር ተጨማሪ የባክቴሪያ ፍርስራሽ ስለሚያልፍ፣ ሂደቱ ራሱን በራሱ የሚያጋግል አዙሪት ይሆናል።

ለሕክምናው አስቸጋሪ የሆነው ነጥብ ይህን ጥቃት የሚፈጽሙት ቲ ሕዋሳት የቀሩትን የካንሰር ሕዋሳት የሚያጠፉትም መሆናቸው ነው። ቲ ሕዋሳቱን ፈጽሞ ማስወገድ ጥቃቱን ቢያስቀርም የካንሰሩን መመለስ ያስከትላል። የመጀመሪያው መስመር ሕክምና የሆነው ስቴሮይድ ደግሞ ለሁሉም ታካሚ አይሠራም፤ ብግነቱን ሲያበርድም ታካሚውን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ አንጀት ባክቴሪያዎች ያዞሩት፣ የቲ ሕዋሳቱን ፀረ ካንሰር ኃይል ሳይነኩ ጥቃቱን ማለዘብ ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው።

ከጀርም አልባ አይጥ እስከ አራቱ ማዕከላት

ባክቴሪያ በዚህ በሽታ ውስጥ ድርሻ እንዳለው የተጠረጠረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የኔዘርላንዱን ተመራማሪ የቫን ቤኩምን ቡድን ጨምሮ የተለያዩ ቡድኖች ከማንኛውም ጀርም ነጻ ሆነው ባደጉ፣ ወይም የአንጀት ባክቴሪያቸው በተለወጠ አይጦች ላይ ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ፣ ጥቃቱ ለዝቦ ታየ። ከዚህ በመነሣት «የአንጀትን ባክቴሪያ ሁሉ ማጥፋት ይጠቅማል» የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰደደ። ታካሚዎች አየሩ በተጣራ ክፍል እንዲቀመጡና አንጀታቸውን የሚያጸዳ መድኃኒት እንዲወስዱ ይደረግ ነበር። የስቶርብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ጥናት አፕላስቲክ አኒሚያ በነበረባቸው ታካሚዎች ዘንድ ይህ ጥንቃቄ ከጥቃቱ መቀነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። ነገር ግን የሰውን አንጀት ሙሉ በሙሉ ከባክቴሪያ ማጽዳት በተግባር አዳጋች ነው፤ በከፊል ሲጸዳ ደግሞ የሚተርፈው መድኃኒት የተላመደው ነው።

የዘረ መል ንባብ ቴክኖሎጂ ተስፋፍቶ በቤተ ሙከራ ሊራቡ የማይችሉትን ባክቴሪያዎች ጭምር ከዓይነ ምድር መለየት ሲቻል፣ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። «ባክቴሪያ አለ ወይስ የለም?» መባሉ ቀርቶ «የትኞቹ ባክቴሪያዎች፣ በምን ስብጥር?» መባል ተጀመረ። በኒው ዮርክ የታውር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው የ80 ታካሚዎች ጥናት፣ ንቅለ ተከላው ሥር በሚሰድበት ወቅት የአንጀት ባክቴሪያቸው ብዝኃነት ዝቅተኛ ከነበሩት ሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 36 በመቶ ሲሆኑ፣ መካከለኛ ከነበሩት 60፣ ከፍተኛ ከነበሩት ደግሞ 67 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። የጄንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ብላውሺያ የተባለው የባክቴሪያ ወገን በብዛት የሚገኝባቸው ታካሚዎች በጥቃቱ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ።

እነዚህ ግኝቶች ከአንድ ሆስፒታል የተገኙ መሆናቸው ያስነሣውን ጥርጣሬ ለመመለስ፣ የፔሌድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ሰፊ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ ከ1,362 ታካሚዎች የተወሰዱ 8,767 የዓይነ ምድር ናሙናዎችን ያካተተ ነው። ታካሚዎቹ የታከሙት በኒው ዮርክና በደርሃም በአሜሪካ፣ በሬገንስበርግ በጀርመን፣ በሳፖሮ በጃፓን በሚገኙ ማዕከላት ነው። በአራቱም ከተሞች የአንጀት ባክቴሪያ ብዝኃነት ተመሳሳይ በሆነ መንገድ ሲወድቅና የአንድ ዓይነት ባክቴሪያ የበላይነት ሲነግሥ ታይቷል፤ ከፍ ያለ ብዝኃነትም ከዝቅተኛ ሞት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ክስተቱ የአንድ አገር ጠባይ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአራቱ ማዕከላት አንዱም በአፍሪካ የሚገኝ አይደለም፤ ቀጥለው የሚቀርቡት ሦስት ጉዳዮች ይህ ክፍተት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ያሳያሉ።

ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ሥራ

ክሎስትሪዲያ በሚባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ የሚመደቡ ብዙ ባክቴሪያዎች የምግብን አሰር አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቡቲሬት ለታላቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ነው። የማቲውሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ በአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ያለው ቡቲሬት እንደሚቀንስ፣ ተመልሶ ሲሰጥ ደግሞ የሕዋሳቱ መጋጠሚያ እንደሚጠናከርና ጥቃቱ እንደሚለዝብ ታይቷል። 17 የክሎስትሪዲያ ዝርያዎችን በቅይጥ መስጠትም ተመሳሳይ ጥቅም አስገኝቷል።

ይህ ማለት ግን ቡቲሬት ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የጎሎብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳመለከተው፣ ጥቃቱ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ቡቲሬት አምራች ባክቴሪያዎች በብዛት መገኘታቸው ለስቴሮይድ ምላሽ ከማይሰጥ ጥቃት ጋር ተያይዟል። አስቀድሞ ግድግዳን የሚያጠናክረው ነገር፣ ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ጥገናውን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ አንድን ባክቴሪያ ወዳጅ ወይም ጠላት ብሎ ከመፈረጅ በፊት የሚገኝበትን ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛ ጉዳይ፦ የመድኃኒት ምርጫ አጣብቂኝ

በንቅለ ተከላ ወቅት የታካሚው ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ይመናመናሉ። በዚህ ጊዜ የሚነሣ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ሰፊ ሽፋን ያለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሳይዘገይ ይሰጣል። የሾኖ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው የ857 ታካሚዎች ጥናት ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። ኢሚፔነም-ሲላስታቲን ከወሰዱት መካከል እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ከጥቃቱ ጋር በተያያዘ ምክንያት የሞቱት 21.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 13.1 በመቶ ነበሩ። በፒፐራሲሊን-ታዞባክታምም 19.8 በመቶ በ11.9 በመቶ አንጻር ተመዝግቧል። አዝትሪዮናምና ሴፌፒም ግን ከዚህ ዓይነት ጭማሪ ጋር አልተያያዙም።

የዚህ ልዩነት ምክንያት ቀስ በቀስ እየተብራራ መጥቷል። ካርባፔነም ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ የሚመደቡት ኢሚፔነምና ሜሮፔነም በሽታ አምጪውን ብቻ ሳይሆን ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላሉ። የሀያሴ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በአይጦች እንዳሳየው፣ ከሜሮፔነም በኋላ ባክቴሮይደስ ቴታዮታኦሚክሮን የተባለው ባክቴሪያ ይበዛል። በአንጀት ውስጥ ዛይሎስ የተባለው ስኳር ሲያጥርም፣ ይህ ባክቴሪያ የአንጀትን ግድግዳ የሚጋርደውን ዝልግልግ ሽፋን መብላት ይጀምራል። ለአይጦቹ ዛይሎስ በአፍ ሲሰጥ ሽፋኑ ከመበላት ድኗል።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ይመስላል፦ ካርባፔነምን ትቶ ሴፌፒምን ወይም አዝትሪዮናምን መምረጥ። በጅማ ግን ምክሩ ከሌላ እውነታ ጋር ይጋጫል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካሄዱና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙትን ጨምሮ በርካታ ጥናቶች፣ በጅማ ከታካሚዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. የሚባለውን ኢንዛይም የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች በብዛት እንደሚገኙ አሳይተዋል። ከኢንዛይሙ ዓይነቶች ጎልቶ የወጣው ሲቲኤክስ-ኤም የተባለው ነው። ይህ ኢንዛይም በየሆስፒታሉ በስፋት የሚታዘዘውን ሴፍትራያክሶንን ይሰብራል፤ ሴፌፒምንና አዝትሪዮናምንም እንዲሁ። ማለትም በኒው ዮርክ ለአንጀት የተሻሉ ሆነው የተገኙት ሁለቱ መድኃኒቶች በጅማ የታካሚውን ሕይወት ላያተርፉ ይችላሉ።

ፒፐራሲሊን-ታዞባክታምም መውጫ አይሆንም። ሜሪኖ በሚል ስያሜ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ሴፍትራያክሶንን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ደማቸው ከተበከለ ታካሚዎች መካከል ይህን መድኃኒት ከወሰዱት በ30 ቀናት ውስጥ 12.3 በመቶ፣ ሜሮፔነም ከወሰዱት ግን 3.7 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ በአጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ሜሮፔነምን ካልሰጠ ታካሚው ዛሬ በደም ኢንፌክሽን ሊሞት ይችላል፤ ከሰጠ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ለሚነሣው ጥቃት መንገድ ሊጠርግ ይችላል።

አጣብቂኙን ማጥበብ የሚቻለው ከትኩሳቱ በፊት ነው። ታካሚው በአንጀቱ ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. አመንጪ ባክቴሪያ መያዝ አለመያዙ ሕክምናው ሳይጀመር ከፊንጢጣ በሚወሰድ ናሙና ሊታወቅ ይችላል። ምርመራው ለየት ያለ የዘረ መል መሣሪያ አይፈልግም፤ ሴፎታክሲም የተጨመረበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ በመደበኛ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ሊዘጋጅ ይችላል። ባክቴሪያው ያልተገኘበት ታካሚ ከካርባፔነም የሚድንበት ዕድል ይኖረዋል። የተገኘበትም ቢሆን፣ የደም ካልቸር ውጤት እንደ ደረሰ መድኃኒቱን ማጥበብ ወይም ማቆም የሚያስችል ሥርዓት ሊዘረጋለት ይገባል።

የሾኖ ጥናት ወደ ኋላ ተመልሶ መዛግብትን የመረመረ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ይበልጥ የታመመ ሰው ሰፊ ሽፋን ያለው መድኃኒት የማግኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከታየው ልዩነት የተወሰነው ክፍል ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከሕመሙ ክብደት የመጣ ሊሆን ይችላል። የአይጦቹ ሙከራ የምክንያትነትን ማስረጃ ቢያጠናክርም፣ በሰው ላይ ያለውን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አያስወግድም።

ሁለተኛ ጉዳይ፦ ወተት፣ ላክቶስና የኢትዮጵያውያን ዘረ መል

የስታይን-ቶሪንገር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በ1,325 ታካሚዎች ላይ ያሳተመው ጥናት፣ ኢንተሮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የአንጀትን የበላይነት የያዘባቸው ታካሚዎች በጥቃቱ የመሞት አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ። በአይጦች ላይ በተደረገው ክትትል ኢንተሮኮከስ ለመብዛት የሚጠቀምበት ምግብ በወተት ውስጥ የሚገኘው ላክቶስ የተባለው ስኳር ሆኖ ተገኘ። ላክቶስ ከመኖው ሲወጣ የባክቴሪያው መብዛት ተገታ፤ ጥቃቱም ለዘበ። በሰዎችም ዘንድ ላክቶስን የመፍጨት ዘረ መል የሌላቸው ታካሚዎች ከፀረ ባክቴሪያ ሕክምና በኋላ ኢንተሮኮከስን ቶሎ ማስወገድ እንደሚያቅታቸው ታየ።

«የመፍጨት ዘረ መል የሌለው» የተባለው ሰው የተለየበት መንገድ ግን ለኢትዮጵያ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። ጥናቱ የተጠቀመበት መለያ ከላክቴዝ ዘረ መል በላይ በ−13910 ቦታ ላይ የሚገኘው፣ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደው ልዩነት ነው። የቲሽኮፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኢንግራም ቡድን በ2009፣ የጆንስ ቡድን ደግሞ በ2013 ያሳተሟቸው ሥራዎች በምሥራቅ አፍሪካ ሌላ ታሪክ እንዳለ አሳይተዋል። በኢትዮጵያ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላም ላክቶስን የሚፈጩ ሰዎች ይህን ችሎታ ያገኙት በአብዛኛው በ−13907፣ በ−13915 እና በ−14009 ቦታዎች ላይ ከሚገኙ ሌሎች ልዩነቶች ነው። የአውሮፓው ልዩነት በአንጻሩ ብርቅ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በ−13910 ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ቢሠራ፣ ወተትን ያለ ችግር የሚፈጨውን ሁሉ «አይፈጭም» ብሎ ይመዘግባል። በዚህ ስሕተት ላይ ተመሥርቶ ወተት የሚከለከለው ታካሚ ለማገገም የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ያለ በቂ ምክንያት ያጣል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ተገቢው መለኪያ ዘረ መሉን በአንድ ነጥብ ማንበብ ሳይሆን ችሎታውን በቀጥታ መለካት፣ ለምሳሌ ላክቶስ ከተጠጣ በኋላ በትንፋሽ የሚወጣውን ሃይድሮጅን መመርመር ነው።

የአመጋገብ ልማዱም ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። በኦርቶዶክስ ክርስትና የጾም ወቅቶች የእንስሳት ተዋጽኦ ስለማይበላ፣ የጾሙ ምግብ በተፈጥሮው ከላክቶስ ነጻ ነው፤ ጥራጥሬና እህል ስለሚበዛበትም አሰሩ ከፍተኛ ነው። እርጎ በበኩሉ ሲረጋ ከላክቶሱ ከፊሉ ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለወጥ ከጥሬ ወተት ያነሰ ላክቶስ ይዟል። ይሁንና ካልተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ለተመናመኑበት ታካሚ የኢንፌክሽን ምንጭ ሊሆን ስለሚችል፣ «እርጎ ለሆድ ይስማማል» የሚለው የተለመደ ምክር ለዚህ ታካሚ አይሠራም።

ሦስተኛ ጉዳይ፦ የዓይነ ምድር ንቅለ ተከላ

የጠፋውን የባክቴሪያ ማኅበረሰብ ለመመለስ የተሞከረው ቀጥተኛው መንገድ የጤነኛን ሰው ዓይነ ምድር አጣርቶ ለታካሚው መስጠት ነው። የካኪሃና ቡድን በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2016 አራት ታካሚዎችን፣ የቫን ሊር ቡድን በኔዘርላንድ በ2020 15 ታካሚዎችን በዚህ መንገድ አክመዋል። ከ15ቱ በ10ሩ ላይ የአንጀቱ ጥቃት ምልክቶች ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። ቁጥሩ አነስተኛ፣ ጥናቱም ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው በመሆኑ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ከመባል አያልፍም። የራሺዲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተመው፣ ታካሚዎች በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ደግሞ የዓይነ ምድር ንቅለ ተከላው የባክቴሪያዎቹን ስብጥር ቢያሻሽልም ኢንፌክሽንን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

የዚህ ሕክምና አደጋ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የዴፊሊፕ ቡድን በአሜሪካ ባሳተመው ዘገባ፣ ከአንድ ለጋሽ የተዘጋጀ እንክብል የወሰዱ ሁለት ታካሚዎች ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. በሚያመነጭ ኢ. ኮላይ ደማቸው ተበክሏል። ከሁለቱ አንዱ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ የተደረገለት ነበር፤ እርሱም ሕይወቱ አልፏል። ለጋሹ ጤነኛ ነበር፤ ነገር ግን እንክብሎቹ በተዘጋጁበት ጊዜ ዓይነ ምድሩ ለዚህ ባክቴሪያ አልተመረመረም። ባክቴሪያው በስፋት በሚገኝበት አካባቢ ለጋሽ ሲመረጥ ይህ ምርመራ የማይታለፍ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባል።

ሌላው አማራጭ የታካሚውን የራሱን ዓይነ ምድር መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት አስቀምጦ በኋላ መመለስ ነው። የታውር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 በ25 ታካሚዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ የራሳቸው ዓይነ ምድር የተመለሰላቸው 14 ታካሚዎች ካልተመለሰላቸው 11 ይልቅ ቀድሞ የነበራቸውን ብዝኃነት መልሰው አግኝተዋል። ይህም ቢሆን የሚጠቅመው የተቀመጠው ዓይነ ምድር ከመድኃኒት ተላማጅ ባክቴሪያና ከጥገኛ ተሕዋስያን ነጻ ሲሆን ነው።

በአራቱ ከተሞች ጥናት ያልታየ ነዋሪ

በጅማ አካባቢ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ብቻ አይደሉም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በአፈር አማካይነት በሚተላለፉ የአንጀት ትላትል ምርምር የታወቀ ተቋም ነው። ለዚህ ርእስ ልዩ ትኩረት የሚሻው ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል ነው። ይህ ትል በሰው ሰውነት ውስጥ ራሱን እያራባ ለዐሥርተ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ታካሚው ለለጋሽ ሕዋስ ጥቃት ከፍተኛ ስቴሮይድ ሲሰጠው ግን ትሉ ከቁጥጥር ውጪ ተራብቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ይሠራጫል፤ የአንጀት ባክቴሪያንም ወደ ደም ይዞ ይገባል። በተለመደው የዓይነ ምድር ምርመራ በቀላሉ ስለሚያመልጥ፣ እንደ ቤርማን ዘዴ ያሉ የተሻሉ ምርመራዎች ወይም ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ የአይቨርሜክቲን ሕክምና ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአይጥ ጥናት አንድ የአንጀት ትል ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትን በማበራከት የለጋሽ ሕዋስ ጥቃትን እንዳለዘበ፣ የፀረ ካንሰሩንም ኃይል እንዳልቀነሰ ዘግቧል። ይህ ትልን ለሕክምና ለመጠቀም የሚያበቃ ማስረጃ አይደለም። ሆኖም ትላትል በሚበዙበት አካባቢ ያደገ ሰው የመከላከያ ሥርዓት ከሳፖሮ ወይም ከሬገንስበርግ ታካሚ በተለየ መንገድ የተገራ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

በጅማ ከወዲሁ ሊሠሩ የሚችሉ ጥናቶች

ከላይ የተነሡትን ጥያቄዎች ለመመለስ የንቅለ ተከላ ማዕከል እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የካንሰር ታካሚዎችን ያክማል። በደም ካንሰር ምክንያት ኬሞቴራፒ የሚወስድ ታካሚ የነጭ ደም ሕዋሱ ሲመናመንና ትኩሳት ሲይዘው የሚሰጠው መድኃኒት ለንቅለ ተከላ ታካሚ ከሚሰጠው ጋር ተመሳሳይ ነው። ከእነዚህ ታካሚዎች ከሕክምናው በፊት፣ በትኩሳቱ ወቅትና ከመድኃኒቱ በኋላ ናሙና ቢወሰድ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ብዝኃነት በጅማ የሚወድቅበትን ፍጥነትና የሚያገግምበትን ጊዜ ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው የጥናት መስክ ቤተሰብ ነው። አንድ ወንድም ወይም እኅት ከታካሚው ጋር ሙሉ የቲሹ ስምምነት የሚኖረው በአማካይ ከአራት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሦስት ወንድምና እኅት ያሉት ታካሚ ቢያንስ አንድ ተስማሚ ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 58 በመቶ፣ አምስት ያሉት ደግሞ 76 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሰፊ ቤተሰብ ባለበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ፣ ከአንድ መሶብ የሚበሉና ከአንድ የውኃ ምንጭ የሚጠቀሙ ወንድማማቾች ባክቴሪያም ይጋራሉ። የታካሚው ወንድም የስቴም ሴል ለጋሽ ሆኖ ሲመረጥ፣ የዓይነ ምድርም ለጋሽ ሊሆን ይችላል ብሎ መገመት ያለ ምርመራ አይቻልም።

ለዚህ ጥናት አመቺ የሆነ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲው አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የወረሰው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ የትምህርት ፍልስፍና አለው። ተማሪዎች በቡድን ተመድበው ወደ ቀበሌዎች እየሄዱ የነዋሪውን የጤና ሁኔታ ያጠናሉ። እንደ መንደራ ቆጪ ባሉ ቀበሌዎች፣ በነዋሪዎች ፈቃድና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ፣ የኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. ተሸካሚነትን፣ የስትሮንጂሎይደስን ሥርጭትና የላክቶስ መፍጨት ችሎታን በአንድ ላይ መመዝገብ ይቻላል። እንዲህ ያለ መዝገብ ለንቅለ ተከላ ብቻ ሳይሆን ለኬሞቴራፒ፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍልና ለጨቅላ ሕፃናት ሕክምናም ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የአንጀት ባክቴሪያ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላን ውጤት ከሚወስኑ ነገሮች አንዱ መሆኑ ዛሬ ጠንካራ ማስረጃ አለው። ማስረጃው የተሰበሰበው ግን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሥርጭት፣ የላክቶስ ዘረ መልና የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ከኢትዮጵያ በሚለዩባቸው አገሮች ነው። ሴፌፒምን ምረጡ የሚለው ምክር ከኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. ጋር ይጋጫል፤ ላክቶስን ቀንሱ የሚለው በተሳሳተ መለያ ላይ ሊመሠረት ይችላል፤ የጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር ስጡ የሚለውም ጤነኛ የተባለው ለጋሽ የተሸከመውን ባክቴሪያ ሳያውቁ ሊተገበር አይችልም።

ለንቅለ ተከላ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕንጻ፣ መሣሪያና ባለሙያ ወጪና ጊዜ ይጠይቃል። የታካሚን አንጀት ከመድኃኒት በፊት መመርመርና ሴፍትራያክሶንን ወይም ሜሮፔነምን ከማዘዝ በፊት ደግሞ ማሰብ ግን ዛሬ ባሉት ቤተ ሙከራዎች ሊጀመር የሚችል ነው። በየቀኑ በሆስፒታል ክፍሎችና በመድኃኒት መደብሮች የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የነገውን የንቅለ ተከላ ታካሚ አንጀት ከአሁኑ እየቀረጸው ይገኛል።